ከትዝታ የተቆረጠ ኮት

ኮቱ ትከሻው ላይ ሲደርስ እምቢ አለ።

አንዱን እጅጌ አጥልቆ ሁለተኛውን ሲያጠልቅ የጀርባው ስፌት ተተረተረ። ድምፁ ትልቅ አልነበረም፤ ግን በዚያች ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም። የሰፊዋ ታላቅ እህት ካውያዋን አንስታ በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች። የሙሽራው እናት ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሙሽራው መስታወቱ ፊት ቆሞ፣ ራሱን ሳይሆን ከጀርባው የቆመችውን ሰፊ ያይ ነበር።

ሰፊዋ ሜትሩ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ደርቃ ቀረች።

ሰፈሩ "መርፌ" ብሎ የሚጠራት ስለ ቅጥነቷና ስለ ምላሷ ብቻ አይደለም። ለክታ የሳተችው ልብስ ስለሌለም ነው። ወንድ ሲለካ ሆዱን እንደሚስብ፣ ሴት ስትለካ ትንፋሿን እንደምትይዝ ታውቃለች። ስለዚህ ሜትሩን ከመዘርጋቷ በፊት "መጀመሪያ ተንፍስ፤ እኔ የምለካው አንተን እንጂ ኩራትህን አይደለም" ትላለች። እንዲህ የምትል ሴት ናት እንግዲህ የሙሽራ ኮት አጥብባ ያቀረበችው። ሙሽራውም ማንም ሙሽራ አይደለም። አንድ ወቅት የሷ ነበር።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ እናትየው። ጨርቅ አስመጪ ናቸው፤ በከተማው ውስጥ ሱፍ ለብሶ የሚሄድ ሰው ሁሉ የሳቸውን ጨርቅ ለብሶ ነው የሚሄደው። "ሰርጉ እሑድ ነው እኮ። ባለፈው ሳምንት አንቺው ራስሽ ለካሽው። ወይስ ልጄ በሳምንት ውስጥ ወፈረ?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። ለቅዳሜ ሌላ ቆርጬ አደርሳለሁ።"

"ያለፈውን ረስቼ፣ እጇ አይስትም ብዬ ነበር እዚህ ያመጣሁት።"

"ያለፈውን" ሲሉ ቃሏን ሳብ አደረጓት። ታላቅ እህት ካውያውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ ካላስቀመጠችው ምን እንደምታደርግበት ራሷም አታውቅም ነበር።

ሙሽራው ኮቱን አወለቀ። ወዲያው ግን አላስቀመጠውም። የኮሌታውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ፣ እጅጌውን ዘርግቶ አየ፣ ፊቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ቀና ብሎ ዓይኗን አየ። ከሩቅ አገር ከተመለሰ ጀምሮ እንዲህ አይቷት አያውቅም።

"ይህን ያህል ትጠዪኛለሽ?" አላት፣ እናቱ እንዳይሰሙ ዝቅ አድርጎ።

መልስ አልጠበቀም። እናቱን አስከትሎ ወጣ፣ የመስታወት በሩም ከኋላቸው ተዘጋ። መርፌ ኮቱን ወደ ራሷ ሳበችው። እጠላሃለሁ ብላ አታውቅም። እወድሃለሁ ብላም አታውቅም።

*

"ዘንጉ ግንድ ሆኗል እኮ" አለች ታላቅ እህት፣ ነገሩን ለማቅለል። ያኔ ቀጭንና ረጅም ስለነበረ "ዘንጉ" ያለችው እሷ ናት። "ግን አንቺ ግንዱን ለክተሽ እንዴት ዘንግ ትሰፊያለሽ? ልኩን እየጠራሽልኝ ካርቶኑ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ይኸው፣ ልክ ነው።"

መርፌ ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና በኮቱ ላይ ከትከሻ ትከሻ ዘረጋችው። ቁጥሩን ስታየው አወቀችው። ደረቱን ለካች፤ እሱንም አወቀችው። የእጅጌውን ርዝመት መለካት እንኳ አላስፈለጋትም። ለምረቃው የሰፋችለት ኮት ልክ ነበር። ለሱ የሰፋችው የመጀመሪያ ልብስ። ያኔ ትከሻው ገና አልሰፋም ነበር፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲስቅ ቤቱን የሚሞላው ቁመቱ ብቻ ነበር።

ካርቶኑ ፊቷ ተዘርግቶ ነበር። መቀሱን ይዛ ጎንበስ ስትል ግን አላየችውም። እጇ የሚያውቀውን ሰው ቆረጠ።

"እታለም" አለች፣ "የሰፋሁት ለሱ አይደለም።"

"ታዲያ ለማን ነው?"

"ለድሮው።"

ታላቅ እህት ልትቀልድ አፏን ከፈተችና የእህቷን ፊት ስታይ ዘጋችው።

እንዴት ሊሆን ቻለ? እሷ እኮ ድናለች። "ድኛለሁ" ስትል ያልሰማ ጎረቤት የለም። እሱ የሄደ ሰሞን እጇ እየተንቀጠቀጠ ክር ማስገባት አቅቷት ነበር። ደንበኛ ላይ ትጮኻለች፣ ትከሻዋ ድንጋይ ሆኗል። ክሊኒክ ስትሄድ የፊዚዮቴራፒ ሐኪሟ፣ ጸጉሯ የሸበተ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት፣ ትከሻዋን እያሸች "ይሄ ሕመም ሥጋ ላይ ብቻ አይደለም ያለው" አለቻት። "ጠዋት ሥራ ሳትጀምሪ ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ትንፋሽሽን አዳምጪ። ሐሳብ ይመጣል፤ አታባሪው፣ አትከተይው። እይው ብቻ።"

ታላቅ እህት ይህን ስትሰማ "ቁጭ ብሎ መተንፈስማ ድመታችንም በነጻ ትችለዋለች" ብላ ነበር። መርፌ ግን ተቀመጠች። በየጠዋቱ መስኮቱ ስር ባለችው ወንበር፣ ሱቁ ሳይከፈት፣ ዓይኗን ጨፍና። እውነትም ለውጥ መጣ። እጇ ረጋ፣ እንቅልፏ ተመለሰ፣ ደንበኛ ሲነዘንዛት መሳቅ ቻለች። ታላቅ እህትም ቀልዷን ቀነስ አደረገች።

ለሐኪሟ ያልነገረቻት አንድ ነገር ግን ነበር። የሱ ፊት ሲመጣ አታየውም ነበር። በትህትና "በሰላም ሂድ" ትለውና በሩን ትዘጋበታለች። ይህንንም ሰላም ብላ ጠራችው። እናቱ መጥተው "ልጄን ልድር ነው፣ ኮቱን ስፊልኝ" ሲሏት "በደስታ" አለች። በደስታ ማለቷ ሳምንቱን ሙሉ ሲያኮራት ሰነበተ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሷ ደግሞ በመድኃኒቱ ነበር በሽታውን የደበቀችው።

"በሩን ቆልፊልኝ" አለች ታላቅ እህቷን። ገና ከሰዓት በኋላ ነው፣ ውጭው በሰው ተሞልቷል። መስኮቱ ስር ተቀመጠችና ዓይኗን ጨፈነች። የሱ ፊት መጣ። እንደ ልማዷ ልትሸኘው አለችና ተወችው። እስቲ ይምጣ፣ አለች በልቧ። እስቲ ዛሬ ልየው።

ያ ቀን ተመልሶ መጣ። ዝናብ ይዘንባል። አንዲት ወፈር ያሉ ደንበኛ በርጩማው ላይ ቆመዋል፤ እሷ ተንበርክካ የቀሚሳቸውን ጠርዝ እያነሳች በእስፒል ትወጋላቸዋለች፣ እስፒሎቹን በከንፈሯ ይዛለች። እሱ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ጸጉሩ ርሷል። "እናቴ ቲኬቱን ቆርጣለች" አላት። "ሩቅ ነው፣ መቼ እንደምመለስ አላውቅም። አንድ ቃል በይኝ። ልቅር?" እሷ ቀና ብላ አየችው። አፏ እስፒል ሞልቶታል። እሱ ቆመ፣ ቆመ፣ ከዚያ ወጣ።

ይህን ሁሉ ዓመት ለራሷ ስትነግረው የኖረችው ታሪክ እዚህ ላይ ያበቃል። "አፌ እስፒል ሞልቶት እያየ፣ አውጥቼ እስክናገር እንኳ አልጠበቀኝም።" ለታላቅ እህቷም ያለቻት ይህንኑ ነው፣ ትራሷም የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ዛሬ ግን ዓይኗን ከሱ ላይ አንስታ ወደ ራሷ መለሰች። ያቺ ተንበርክካ ያለች ልጅ ምን እያደረገች ነው? እጆቿ የት ናቸው? አንዱ እጇ የቀሚሱን ጠርዝ ይዟል። ሌላው ጭኗ ላይ ነው፣ ባዶ። አንጓዋ ላይ የእስፒል መሰኪያ ትራሷ ታስራለች። እስፒሎቹን ከአፏ አውጥቶ እዚያ ለመሰካት ዓይን ከመጨፈን የበለጠ ጊዜ አይፈጅም ነበር። በቀን መቶ ጊዜ የምታደርገው ነገር ነው።

ሌላም ድምፅ ሰማች፣ ጨርሶ የረሳችውን። ወፍራሟ ደንበኛ ከላይ ሆነው "መልሺለት እንጂ ልጄ፣ እኔ እቆያለሁ" ብለዋት ነበር።

መርፌ ዓይኗን ገለጠች። 

ጊዜ ነበራት። እጅ ነበራት። ሰው ሳይቀር ለምኗት ነበር። ዝም ያለችው ስለፈራች ነው። ከዚያ ቀን በፊት በዚሁ ቤት እናቱ ለቀሚስ ሲለኩ ድምፃቸውን ሳያነሱ "አንቺ ለልጄ ልብስ እንጂ ኑሮ አትሰፊለትም" ብለዋት ነበር። ቢቀርና አንድ ቀን ቢቆጨው፣ የእናቱን ቃል በሱ ፊት ላይ እንዳታነበው ፈራች። እስፒሎቹን በጥርሷ ነክሳ ያዘቻቸው። በሩን የዘጋችው እሷ ሆና ሳለች በተዘጋው በር ስትከሰው ኖረች።

"ምን ሆንሽ?" አለች ታላቅ እህት እየሮጠች መጥታ። "ወረቀት መሰልሽ እኮ።"

"ጠብቆኛል፣ እታለም። ያን ቀን ጠብቆኛል።"

ታላቅ እህት አጠገቧ ቁጢጥ አለች፣ ቀሚሷን ጭኗ ላይ አስተካከለች። "ከወጣ በኋላም ጠብቋል" አለች። "መንገዱ ማዶ፣ ዝናቡ እየመታው። እኔ በበሩ መስታወት አይቼዋለሁ። አንቺ ቀና ብለሽ እንድታዪ ነበር የሚፈልገው። ሴትየዋ ቀሚሳቸውን ቀይረው እስኪወጡ ድረስ አልሄደም።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"የሱን ስም ያነሳ ከዚህ ቤት ይውጣ ብለሽ አልነበር? ቤቱ ደግሞ የኔም ነው፣ ወዴት ልውጣ?"

መርፌ ልትስቅ ፈለገች፣ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። እሱ በሄደ ጊዜ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። ያኔ ያለቀሰችው ለተበደለች ልጅ ነበር። የዛሬው እንባ ለማን እንደሆነ አታውቅም፣ ብቻ አልቆም አላት።

*

በማግስቱ ጠዋት መጣ። ብቻውን፣ በእግሩ። ታላቅ እህት ገና ስታየው ነጠላ ጫማዋን እየቀየረች "ክር ልገዛ ነው" አለች፣ መሳቢያው ሙሉ ክር እያለ።

"የመጣሁት ለልኬት ነው" አለ እሱ። "ከዚያ ሌላ ነገር ባናወራ ደስ ይለኛል።"

"እሺ። ጃኬትህን አውልቅ።"

ሜትሩን ዘረጋች። ዛሬ እጇን አላመነችውም፣ በዓይኗ አየች። ግራ ትከሻው ከቀኙ ዝቅ ብሏል። በሄደበት ሩቅ አገር መጋዘን ውስጥ ጥቅል ጨርቅ ሲሸከም መኖሩን ማንም ሳይነግራት ከሥጋው አነበበች። ከጆሮው ጀርባ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ያኔ ሁሌ ይንቀሳቀሱ የነበሩት ጣቶቹ አሁን ጎኑ ላይ ከብደው ተቀምጠዋል። የማታውቀው ሰው ነበር። ባለፈው ሳምንት በዚሁ ቦታ ቆሞ ስትለካው ይህን አንዱንም አላየችም። ልብ ካላየ ዓይን አያይም የሚሉት ለካ ይሄ ነው።

"ሆድህን ልቀቀው።"

"አልሳብኩም።"

"ስበሃል። ተንፍስ።"

ተነፈሰ። ሁለቱም ሳያስቡት ፈገግ አሉ፣ ወዲያው ደግሞ አፈሩ።

"ሆን ብለሽ ነው?" አለ። "ኮቱን ማለቴ ነው። ገና ሳጠልቀው አወቅኩት። የምረቃዬ ኮት ነው። እናቴ ፊት ያሾፍሽብኝ መሰለኝ።"

"ሆን ብዬ አይደለም። ካርቶኑ ፊቴ ነበር፣ አላየሁትም። ከልክህ ሳይሆን ከትዝታዬ ቆረጥኩት። እኔም ያወቅኩት እናንተ ከወጣችሁ በኋላ ነው።"

 መርፌ ሜትሩን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። 

"አንድ ነገር ልንገርህ" አለች። "መልስ ፈልጌ አይደለም። ያን ቀን ልቅር ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። እንድትቀር ነበር የፈለግኩት። እወድህ ነበር። ዝም ያልኩት እስፒሉ ይዞኝ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። እናትህን ፈራሁ፣ ደግሞም አንድ ቀን ትጸጸታለህ ብዬ አንተን ፈራሁ። ከዚያ አልጠበቀኝም እያልኩ ስከስህ ኖርኩ። ጠብቀኸኛል። ይህን ያወቅኩት ትናንት ነው፣ ቁጭ ብዬ ራሴን ሳይ።"

እሱ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ደንበኞች የሚቆሙበት በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር" አለ። "ብዙ። አንዱንም አልላክሁም።"

"ለምን?"

"መልሱን አይቻለሁ ብዬ ነዋ። ዓይኔን እያየሽ ዝም ያልሽኝን ሰው በደብዳቤ ምን ልጠይቅ?" ድምፁ ከፍ አለ። "አሁን ነው የምትነግሪኝ? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይሄ ነው። እሑድ ሰርጌ ነው እኮ። ጥሪው ተበትኗል። ዛሬ ምን አድርግ ብለሽ ነው የምትነግሪኝ?"

"ምንም አድርግ አላልኩህም።"

"እንግዲያውስ እኔ ልጠይቅሽ። ሰርጉን ልተወው?"

 የልቧ መልስ "ተወው" ነበር፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ትንሽ ብትቸኩል ያመልጣት ነበር። ግን በየጠዋቱ የተማረችውን አደረገች፣ የመጣውን አየችው። ፍላጎቷን አየች፤ አላፈረችበትም። አጠገቡ ደግሞ ሌላ ነገር አየች። ያኔ እሷ ፍርሃቷን ለሱ አሸክማ እንደላከችው፣ አሁን እሱ ውሳኔውን ለሷ ሊያሸክም ነው።

"ይህን እኔ አልመልስልህም" አለች። "ያኔ የጠየቅኸኝ ስለኔ ልብ ነበር፣ ዘግይቼም ቢሆን መለስኩልህ። የአሁኑ ስላንተና ስለ ሙሽራህ ነው። ትወዳታለህ?"

"ጥሩ ሰው ናት።"

"ጥሩነቷን አልጠየቅኩህም።"

አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። የመርፌ ጥያቄ ሳይሆን የራሱ ባዶ አፍ እንዳስደነገጠው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

"ማንም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም" አለ።

"አንተስ ራስህን?"

 መስኮቱ ስር ያለችውን ወንበር አሳየችው። "እዚያ ተቀመጥ። እኔ ጨርቁን እቆርጣለሁ። አላናግርህም፣ አላይህምም። የሚመጣውን ዝም ብለህ እየው።"

ተቀመጠ። አዲሱን ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ አሰመረችና መቁረጥ ጀመረች። ከመቀሱ በቀር ድምፅ አልነበረም። መጀመሪያ ወንበሩ ተንቋቋ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ እግሩን አነባበረ። ቆይቶ ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሲያለቅስ ሰማችው፣ ወንዶች ሲያለቅሱ እንደሚያደርጉት በአፍንጫው እያፈነ። ሄዳ ራሱን በእጆቿ ልትይዝ ሁለመናዋ ፈለገ። አልሄደችም። ጨርቁን ቆረጠች።

ሲነሳ ፊቱ አብጦ ነበር፣ ግን ዓይኑ ጠርቶ ነበር።

"ኮቱን ጨርሺው" አለ። "የት እንደምለብሰው ግን አላውቅም።"

በሩ ሲዘጋ መርፌ መቀሱን አስቀመጠች። ልቡ ውስጥ ምን እንዳየ ለማወቅ ያላትን ሁሉ በሰጠች። አለማወቅ እንዲህ እንደሚያም አልጠበቀችም ነበር፣ ያም ሆኖ ሕመሙን የምታባርርበት በር አልፈለገችም።

*

ቅዳሜ ቀትር ላይ እናትየው መጡ። ኮቱ ተሰፍቶ፣ ገበሩ ገብቶ፣ ተተኩሶ መስቀያ ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ግን ዞር ብለው አላዩትም። ሁልጊዜ ተስተካክለው የሚያያቸው ሰው ዛሬ ጸጉራቸው በጎን ተፈቶ ሲያይ ይደነግጣል።

"ምን አልሽው?" አሉ፣ ሳይቀመጡ። "ትናንት ከዚህ ወጥቶ በቀጥታ እጮኛው ቤት ነው የሄደው። ሲነጋገሩ ዋሉ። ማታ ሲመጣ ምን ሆነህ ነው ብዬ ብጠይቀው ዝም። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ብቻውን ሲዞር ቆይቶ መጣ። እሷን ብጠይቃት 'እሱ ይንገርዎት' ትለኛለች። ልጄ እኮ ከኔ ደብቆ አያውቅም።"

ታላቅ እህት ከስፌት መኪናዋ ላይ ተነሳች፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዳለ፣ ለጠብ እንደተዘጋጀ ሰው። መርፌ በእጇ ምልክት ሰጥታ አስቀመጠቻት።

በዚህ ቤት ውስጥ ከማንም በላይ የፈራቻቸው ሰው ፊቷ ቆመዋል። "ምንም አላልኩትም" ማለት ይቻላል። "ለክቼ ላክሁት" ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ቃላት ደርሰው ነበር፣ ለስላሳና ምቹ ሆነው። መርፌ አየቻቸውና አለፈቻቸው።

"ልጅዎን እወደው እንደነበር ነገርኩት፣ እትዬ" አለች። "አሁንም እወደዋለሁ። ሰርጉን ተው ግን አላልኩትም። ትወዳታለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት እንጂ።"

እናትየው በጥፊ የተመቱ ይመስል ራሳቸውን ወደ ኋላ ሳብ አደረጉ። ታላቅ እህት አፏን በመዳፏ ያዘች። ውጭ የሚያልፍ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ከዚያ ያም ጠፋ።

"ምን አልሽ?"

ደግማ ነገረቻቸው፣ ቃል ሳትቀንስ። 

እናትየው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። "ያኔ ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ። "በዚያን ጊዜ አንድ ቀን መጥተሽ እንዲህ ብትዪኝ..."

"ፈርቼዎት ነበር።"

"እኔን?"

"እርስዎን።"

ይህን ቃል ማንም ነግሯቸው አያውቅም መሰል፣ እንዳልገባቸው ሰው እጆቻቸውን ገልብጠው አዩ። ቀለበቶቻቸውን አዩ። ሲቆጡ እንጂ ሲያስቡ አይታቸው የማታውቀው መርፌ ፊታቸው ላይ ዕድሜያቸው ሲወጣ አየች።

"አባቱም እስኪሞት ድረስ ምን እንደሚፈልግ ነግሮኝ አያውቅም" አሉ በዝግታ፣ ለሷ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ። "እኔ ተስማምተን የኖርን ይመስለኝ ነበር።"

  ተነሱና ኮቱን ከመስቀያው ሳያወርዱ ትከሻውን በመዳፋቸው ዳሰሱ። በጨርቅ ያረጀ እጃቸው ስፌቱን እየተከተለ ሄደ። ግራው ከቀኙ ዝቅ ብሎ መሰፋቱን ሲያገኙ ጣታቸው ቆመ። ሕይወቱን ሙሉ ያሳደጉት ልጅ ትከሻው እንደወረደ ገና አሁን ያወቁ መሰሉ።

ታላቅ እህት ኮቱን ልትጠቀልልላቸው ወረቀት ዘረጋች። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተይው፣ እዚሁ ይቆይ" አሉ። "ራሱ መጥቶ ይውሰደው። ለምን እንደሚወስደውም ራሱ ይወቅ።"

በሩ ላይ ደርሰው ቆሙ። ዘወር አሉ፣ የሆነ ነገር ሊሉ ፈልገው ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ለመርፌ ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጧትና ወጡ። እንዲህ ያለ ሰላምታ የሚሰጡት ለእኩያ ነው።

ታላቅ እህት እስኪርቁ ድረስ በበሩ መስታወት በዓይኗ ተከተለቻቸው። ስትመለስ እህቷ መሬት ላይ ተቀምጣለች፣ ጀርባዋን የጠረጴዛው እግር ላይ አስደግፋ፣ በቁርጥራጭ ጨርቅ መካከል።

"ደህና ነሽ?"

ይህን ጥያቄ መርፌ ለዓመታት "ድኛለሁ" በሚል አንድ ቃል ስትሸኘው ኖራለች። ቃሉ ዛሬም በልማዱ ተነሳ።

"አይደለሁም" አለች። "እፈራለሁ። እወደዋለሁ። ይምጣ አይምጣ አላውቅም።"

የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ታላቅ እህት ጨርቁን በእጇ ገፋ አድርጋ አጠገቧ ቁጭ አለች።